የሟችን አደራ ማን ይወጣዋል? ከዙበይር ልጅ እስከ ዘመናችን ጠበቃ

አልሐምዱ ሊላህ። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን በሕይወት ሳለን ማንሳት የማንወደው፣ ከሞት በኋላ ግን ወንድምና እህትን የሚያኳርፍ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ዕዳውን የሚከፍለው፣ በሰው እጅ ያለውን ገንዘብ የሚሰበስበው፣ ቤቱንና ንብረቱን ቆጥሮ ለወራሾቹ የሚያደርሰው ማን ነው? በአዲስ አበባም ሆነ በለንደን ይህ ሥራ ለጠበቃ ሲሰጥ እናያለን። ከእኛ ውስጥ «የአላህን ድንበር ለማያውቅ ሰው የአባታችንን ውርስ እንዴት አሳልፈን እንሰጣለን?» የሚል አለ። «ጠበቃ ይዘናል፣ ከእንግዲህ እኛን አይመለከተንም» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥም አለ። ኢንሻአላህ ዛሬ ታሪክን እንጠይቃለን። ታሪክ ለሁለቱም ወገን መልስ አለው።

አራት የሐጅ ወቅት የጠበቀው ልጅ

አዝ-ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) በጀነት ከተበሰሩት ዐሥር ሶሐቦች አንዱ ናቸው። ቁረይሾች ባስጨነቋቸው ጊዜ ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከልም ነበሩ። በ36ኛው ዓመተ ሂጅራ በጀመል ቀን ልጃቸውን ዐብዱላህን ጠርተው ዛሬ ሳልገደል አልቀርም አሏቸው። በዚያች ሰዓት ይበልጥ ያስጨነቃቸው ዕዳቸው ነበር። ንብረታቸው ተሽጦ ዕዳው እንዲከፈል፣ ከተረፈው ላይ ሲሶው ለወሲያ እንዲውል ልጃቸውን አደራ አሉ። መክፈል ቢያቅትህ በመውላዬ ተረዳ አሏቸው። ዐብዱላህ መውላቸው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ መልሳቸው «አላህ» የሚል ነበር።

ዕዳው የመጣው ከብክነት አልነበረም። ሰዎች ገንዘባቸውን እንዲያስቀምጡላቸው ይዘውላቸው ሲመጡ፣ አደራው ቢጠፋ ባለቤቱ እንዳይጎዳ ሰግተው «አደራ ሳይሆን ብድር ይሁን» ይሉ ነበር። ብድር ቢጠፋም ይከፈላልና። ዐብዱላህ ሲደምሩት 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ሆነ። አባታቸው ጥሬ ገንዘብ አልተዉም። የተዉት መሬትና ቤት ነበር፤ በመዲና ዐሥራ አንድ ቤት፣ በበስራ ሁለት፣ በኩፋ አንድ፣ በግብፅ አንድ፣ እንዲሁም አል-ጋባ የተባለው ሰፊ መሬት። ዙበይር በ170 ሺህ የገዙት ይህ መሬት በ1 ሚሊዮን 600 ሺህ ተተምኖ ተሸጠ። ገንዘብ አለኝ የሚል ሁሉ እዚያው እንዲመጣ ተነገረ። ከመጡት አንዱ ዐብዱላህ ኢብን ጀዕፈር ነበሩ። የሚጠይቁት 400 ሺህ ሲሆን ብትፈልጉ ልተወው ቢሏቸውም የዙበይር ልጅ አልተቀበሉም። ከመሬቱ ላይ ድርሻቸውን ለክተው ሰጧቸው።

የታወቀው ዕዳ ሁሉ ተከፈለ። ወንድሞቻቸው በሉ አካፍሉን አሉ። ዐብዱላህ ግን በአላህ ስም ምለው እምቢ አሉ። በአራት የሐጅ ወቅቶች «ከዙበይር ላይ ገንዘብ ያለው ይምጣ» ብለው ሳያስነግሩ እንደማያካፍሉ ተናገሩ። ለምን ሐጅ? ከየአገሩ ሰው የሚሰበሰብበት ሌላ ቦታ አልነበረምና። ከበስራ፣ ከግብፅም፣ ከየመንም የሚመጣ አበዳሪ በአራት ዓመት ውስጥ አንዴ መካ መድረሱ አይቀርም። አራቱ ዓመት ሲሞላ ሲሶው ለወሲያ ወጣ፣ ቀሪውም ተከፋፈለ። ከአራቱ ሚስቶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ደረሳቸው። ይህን ታሪክ ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሕ መዝገባቸው አስፍረውታል።

አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አላህ በሱረቱ አን-ኒሳእ 11ኛውና 12ኛው አንቀጽ ድርሻዎችን ሲደነግግ፣ ክፍፍሉ ከወሲያና ከዕዳ በኋላ እንደሆነ አራት ጊዜ አስታውሷል። መካፈል የሥራው መጨረሻ ነው። ከእሱ በፊት ቀብር፣ ዕዳና ወሲያ አሉ። በእኛ ቤቶች ጠብ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ስለሚቀድም ነው።

ወኪልና ወሲይ

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው መቅጠር ይቻላል? ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ክርክር ባለበት መቀመጥ አይወዱም ነበር። በዳኛ ፊት ጉዳይ ሲኖራቸው ወንድማቸውን ዐቂልን ይወክሉ ነበር። ዐቂል ሲያረጁ ዐብዱላህ ኢብን ጀዕፈርን ወከሉ። ለወኪሌ የተፈረደ ለእኔ፣ በወኪሌ ላይ የተፈረደ በእኔ ላይ ነው የሚለውን መርህም አስቀመጡ። ዑለማኦች በክርክር መወከል እንደሚፈቀድ ሲያስረዱ ይህን ይጠቅሳሉ። ልብ በሉ፣ ዐብዱላህ ኢብን ጀዕፈር ወላጆቻቸው ተሰደው ሳሉ እዚሁ በሐበሻ ምድር የተወለዱ ሶሐባ ናቸው። ስለዚህ ጠበቃ መያዝ ከምዕራባውያን የተቀዳ ነገር ነው የሚለው አባባል ቦታ የለውም።

ሆኖም ፊቅህ ሁለት ሰዎችን ለይቶ ያያል። ወኪል በሕይወት ያለ ሰው የወከለው ነው፤ የወከለው ሰው ሲሞት ሥልጣኑ ያበቃል። ወሲይ ደግሞ ሟች ከሞቱ በኋላ ጉዳዩን እንዲፈጽም አደራ ያለው ነው፤ የእሱ ሥልጣን የሚጀምረው ሟቹ ሲሞት ነው። የዙበይር ልጅ ወሲይ ነበሩ፣ ዐቂል ወኪል ነበሩ። ወሲይ ሥራው ከከበደው ወይም ሕጉን ካላወቀ በክፍያ ሰው መቅጠር ይችላል። ያ የተቀጠረው ሰው ግን የወሲዩ ወኪል ነው እንጂ አደራው ወደ እሱ አልዞረም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ይህ ነው፤ ጠበቃ ወረቀቱን ይሸከማል፣ አማናውን ግን ወሲዩና ወራሾቹ ይሸከማሉ።

ስለ ክፍያም ታሪክ ትምህርት ይሰጠናል። በዑስማንያ መንግሥት ዘመን የሟችን ንብረት መዝግቦ የሚያካፍል «ቀሳም» የሚባል የቃዲ ሹም ነበር። የእነሱ የውርስ መዝገቦች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ሰው በቤቱ ስንት ድስትና ስንት ምንጣፍ እንደነበረው ሳይቀር ከእነሱ ያነባሉ። ይሁን እንጂ የቀሳሙ ክፍያ ከውርሱ ላይ የሚነሳ ስለነበር፣ ወራሾች ሳይጠሯቸው እየገቡ ያካፍላሉ የሚል አቤቱታ ይቀርብ ነበር። ሱልጣኖቹም ይህን የሚከለክል ትእዛዝ እስከማውጣት ደርሰዋል። የሟች ገንዘብ ባለቤቱ የማይናገር ገንዘብ ስለሆነ ይፈትናል።

ሶሊሲተር በእንግሊዝ አገር

አሁን ደግሞ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ወደሚኖሩበት ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። እዚያ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ቶሎ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ሶሊሲተር» የሚለው ነው። ሶሊሲተር በቢሮው ባለጉዳይን የሚያማክር፣ ውልና ኑዛዜ የሚያዘጋጅ፣ የውርስ ጉዳይ የሚያስፈጽም የሕግ ባለሙያ ነው።

ሥራው ግን ከጥንት ጀምሮ የእሱ አልነበረም። በእንግሊዝ ለብዙ መቶ ዓመታት ኑዛዜን የሚያጸድቁት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ። በእነሱ ዘንድ የሚቆሙትም ፕሮክተር የሚባሉ ልዩ ጠበቆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1857 የወጣ ሕግ ይህን ሥልጣን ከቤተ ክርስቲያን ወስዶ ከጥር 1858 ጀምሮ ለመንግሥት ፍርድ ቤት ሰጠ። ለሶሊሲተሮችም በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ የሟችን ጉዳይ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ማየት የሙስሊሞች ብቻ ልማድ አልነበረም ማለት ነው።

በዚያ አገር ኑዛዜ አስፈጻሚው፣ በእኛ ቋንቋ ወሲዩ፣ ኑዛዜውን ያጸድቃል፣ ንብረቱን ያስገምታል፣ ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ከዚያ ያካፍላል። ከ325 ሺህ ፓውንድ በላይ በሆነው ሀብት ላይ በሕጉ የተፈቀዱት ነጻ መብቶች ከታሰቡ በኋላ 40 በመቶ የውርስ ግብር ስላለ ስሌቱ ቀላል አይደለም። ሕጉ ሶሊሲተር መያዝን ግዴታ አያደርግም፤ አስፈጻሚው ራሱ ማመልከት ይችላል። ንብረቱ ትንሽ፣ ወራሹም የተስማማ ከሆነ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ንግድ፣ በሌላ አገር ያለ ቤት፣ የግብር ክርክር ወይም ጠብ ካለ ግን ባለሙያ መያዙ የወራሾችን ሐቅ ይጠብቃል።

የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣው ሕግ መሠረት አስፈጻሚው «የለንደን ጋዜት» በተባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ አበዳሪዎች እንዲቀርቡ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ቢያንስ ሁለት ወር ይጠብቃል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግም ከሞቱ አንድ ዓመት ሳይሞላ እንዲያካፍል አይገደድም ይላል። የዙበይር ልጅ በመካ ያስነገሩት አዋጅ በሌላ መልክ እዚያም አለ ማለት ነው። «ሶሊሲተሩ አዘገየብን» ብለው የሚያማርሩ ወንድሞች ይህን ያስታውሱ። መዘግየት ሁሉ በደል አይደለም።

ሶሊሲተሩ የማይነግራችሁ

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሶሊሲተር የሚያስፈጽመው ሟች የጻፈውን፣ ካልጻፈም የአገሩ ሕግ ያለውን ነው። በእንግሊዝ ሕግ አንድ ሰው ሚስትና ልጆች ትቶ ያለ ኑዛዜ ቢሞት፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በወጣው ልክ፣ ሚስት የግል ዕቃዎቹን፣ በመጀመሪያ 322 ሺህ ፓውንድ፣ ከተረፈውም ግማሹን ትወስዳለች። ቀሪውን ግማሽ ልጆች እኩል ይካፈላሉ። የሟች እናትና አባት ምንም አይደርሳቸውም። አላህ ግን ልጅ ላለው ሟች ለእናት ስድስተኛ፣ ለአባትም ስድስተኛ ደንግጓል። ደሴ ወይም ጅማ ተቀምጣ ልጇን የቀበረች እናት ሐቋ የሚቀረው ማንም ጠልቷት አይደለም፤ ልጇ አንዲት ወረቀት ሳይጽፍ ስለሞተ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ኒካሕ ነው። እዚያ አገር በመስጊድ ወይም በቤት የታሰረ ኒካሕ በሕጋዊው መዝገብ ካልተመዘገበ እንደ ጋብቻ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ አጽንቷል። እንዲህ ያለች ሚስት ባሏ ያለ ኑዛዜ ቢሞት እንደ ሚስት አትወርስም። ፍርድ ቤት ሄዳ አብራው የኖረች መሆኗን አስረድታ ድጎማ ከመጠየቅ በቀር ሌላ መንገድ አይኖራትም። በአላህ ዘንድ ሚስት የሆነችውን በሰው ዘንድ ባዕድ አድርጎ መተው ትልቅ በደል ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 የእንግሊዝና ዌልስ የሶሊሲተሮች ማኅበር አባላቱ በሸሪዓ ድርሻ መሠረት ኑዛዜ እንዴት እንደሚያዘጋጁ መመሪያ አወጣ። ተቃውሞ ተነሳና በዚያው ዓመት ኅዳር መመሪያውን አነሳው። ብዙ ሙስሊም ይህን ሰምቶ «ኢስላማዊ ኑዛዜ ተከለከለ» ብሎ አወራ። አልተከለከለም። የአገሩ ሕግ ሰው ሀብቱን ለወደደው እንዲናዘዝ ይፈቅዳል፤ ጥገኞች በቂ አልተተወልንም ብለው ለፍርድ ቤት የማመልከት መብታቸው ግን እንደተጠበቀ ነው። ኑዛዜው በጽሑፍ ሆኖ፣ ሁለት ምስክሮች በአንድነት ባሉበት መፈረም አለበት። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ወይም የትዳር ጓደኛው ምስክር ከሆነ ያ ሰው የተተወለትን ያጣል። ስለዚህ የቤት ልጆችን ምስክር አታድርጉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን ግንቦት 1936 ዓ.ም. የቃዲዎችና የናኢባ ምክር ቤቶች አዋጅ ወጣ። ሟች ሙስሊም ከሆነ ውርሱና ወሲያው፣ እንዲሁም ወቅፍና ሂባ በእነዚህ ዘንድ እንዲታይ ተደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ለሙስሊሞች የተለየ ምዕራፍ አልተጻፈም፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ መንገድ ከፈተ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አጠናከረ።

ቁልፉ ቃል «ፈቃድ» ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር ላይ፣ ተከራካሪዎቹ በሸሪዓ ለመዳኘት ሳይፈቅዱ የተሰጠውን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሽሯል። ዓመታት የፈጀ ክርክር ባዶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ጠበቃ ከመያዙ በፊት ተሰብስቦ «በአላህ ሕግ እንዳኛለን» ብሎ መስማማቱንና በጽሑፍ ማስፈሩን ያስቀድም። ካልሆነ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ልጆች ካሉ የሟች ወላጆች አይወርሱም። ሚስትም ከጋራ ንብረቷ ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ ከወራሾች ተራ አልገባችም።

ይሁንና በማጣራት ሥርዓት ሁለቱ ሕጎች ይቀራረባሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውርሱ እስኪጣራ ድረስ ራሱን የቻለ ሀብት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ውርስ አጣሪውም የቀብር ወጪን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ የማጣሪያውን ወጪ፣ ከዚያ ዕዳን ይከፍላል። የውክልና ሕጉም ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት እንደሚቀር ይደነግጋል። አባቱ በሕይወት ሳለ በሰጠው ውክልና ከሞቱ በኋላ ባንክ ሄዶ ገንዘብ የሚያወጣ፣ ቤት የሚሸጥ ልጅ አለ። ይህ በሸሪዓም በአገር ሕግም መሠረት የለውም። የወንድሞቹን ሐቅ በሞተ ወረቀት መውሰድ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በሕይወት ሳለን እንጻፍ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ተጽፎ ከዘንዱ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። ለወራሽ ወሲያ እንደሌለ፣ ለሌላውም ሲሶ ከበቂ በላይ እንደሆነ ነግረውናል። የሚበደሩንን፣ የተበደርነውን፣ ያልተከፈለ መህርን እንመዝግብ። ያልተከፈለ መህር ዕዳ ነው፤ ከክፍፍል በፊት ለሚስት ይከፈላል። ይህን ጠበቃው ካልነገራችሁት አያውቀውም።

ሁለተኛ፣ ድርሻውን የፈራኢድ ዕውቀት ያለው ዓሊም ያስላ፤ ሕጋዊውን ወረቀት ጠበቃ ይጻፍ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም።

ሦስተኛ፣ ጠበቃ ሲያዝ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ጠበቃው የማን ወኪል ነው? የአስፈጻሚው ወይስ የአንዱ ወራሽ? ክፍያው ቁርጥ ነው ወይስ ከንብረቱ በመቶኛ? የሚቻል ከሆነ ቁርጥ ክፍያ ይሻላል። የንብረቱ ዝርዝር ለሁሉም ወራሽ፣ ለእህቶችም ጭምር ይሰጥ። የውርሱ ገንዘብ ከማንም የግል ገንዘብ ጋር አይቀላቀል።

አራተኛ፣ በሁለት አገር ንብረት ያለው ሰው ለሁለቱም ያስብ። በለንደን የጸደቀ ወረቀት አዲስ አበባ ያለውን ቤት በራሱ አያዛውርም። ከውጭ የሚላክ ውክልናም በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት።

አምስተኛ፣ ከወራሾቹ መካከል የቲም ካለ የእሱ ድርሻ ቀድሞ ይለይ። አላህ የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ አስጠንቅቋል። ሀብታም የሆነ ጠባቂ ከየቲሙ ገንዘብ እንዲቆጠብ፣ ድሃው በአግባቡ እንዲወስድ በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ አዟል። ይህ አንቀጽ ጠበቃውንም፣ አጎትንም፣ ታላቅ ወንድምንም ይመለከታል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ዕዳው ሲከብዳቸው «የዙበይር መውላ ሆይ፣ ዕዳውን ክፈልልን» ብለው አላህን ይለምኑ ነበር። መሬቱን የሸጡት፣ ያስነገሩት፣ የቆጠሩት ግን በእጃቸው ነው። ዱዓውንም ሥራውንም አልተዉም። አላህ (ሱ.ወ.) ዕዳችንን ከፍለን፣ የሰው ሐቅ በጫንቃችን ሳይቀር እሱን የምንገናኝ ያድርገን። ወራሾቻችንን በፍቅር ያኑርልን፤ የሟቾቻችንን ቀብር ያብራልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።